የዳታቤዝ ሥርዓቶችና የድርጅቶች የመረጃ አያያዝ

ዳታቤዝ ለጋራ አገልግሎት የተደራጀ የመረጃ ክምችት ነው። መረጃውን የሚያስቀምጠው፣ ሲጠየቅ ፈልጎ የሚያወጣውና ከብልሽት የሚጠብቀው ሶፍትዌር የዳታቤዝ ማስተዳደሪያ ሥርዓት ይባላል። ከኤክሴል ፋይል የሚለይበት ነገር ጎልቶ የሚታየው ብዙ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ሲጽፉበት ወይም በሥራ መሀል ኃይል ሲቋረጥ ነው።

ቀደምቶቹ ሥርዓቶች የ1960ዎቹ ሥራ ናቸው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ.)። ቻርልስ ባክማን በጄኔራል ኤሌክትሪክ አይዲኤስን ሠሩ፤ አይቢኤም ደግሞ ለአፖሎ የጠፈር ፕሮግራም አይኤምኤስን አዘጋጀ። በሁለቱም ፕሮግራመሩ መረጃው የተያያዘበትን መንገድ እግር በእግር መከተል ነበረበት፤ አደረጃጀቱ ሲለወጥ ፕሮግራሙም እንደገና ይጻፋል።

ከዚህ ጣጣ የገላገሉት ኤድጋር ኮድ ናቸው። በአይቢኤም የሳን ሆዜ ቤተ ሙከራ ሳሉ በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ መረጃ ሁሉ በሠንጠረዥ እንዲቀመጥ፣ ጠያቂው የሚፈልገውን ብቻ እንዲናገር፣ የማግኛውን መንገድ ግን ሥርዓቱ ራሱ እንዲመርጥ ሐሳብ አቀረቡ። አይኤምኤስን እየሸጠ የነበረው አይቢኤም ሐሳቡን ወደ ገበያ ለማውጣት አልቸኮለም። በ1974 የኩባንያው ባልደረቦች ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ሲኩዌል የተባለውን የመጠይቅ ቋንቋ ይፋ አደረጉ፤ ስሙ ኋላ ኤስኪውኤል ሆነ። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ስቶንብሬከርና ዩጂን ዎንግ ኢንግረስ የተባለውን ዳታቤዝ ሠሩ። ከዚያው ቤት በ1986 የተጀመረው ፖስትግሬስ ዛሬ ፖስትግሬስኪውኤል ተብሎ በነፃ ይታደላል፤ በጥንካሬው ብዙ ውድ ሶፍትዌሮችን ያስንቃል። ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ሪሌሽናል (በኮድ ሐሳብ በሠንጠረዥ የተደራጀ) ዳታቤዝ በ1979 የወጣው ኦራክል ነው ይባላል፤ የሃኒዌል ኩባንያን የ1976 ሥራ የሚያስቀድሙም አሉ። ኤስኪውኤል በ1986 የአሜሪካ፣ በ1987 ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሆነ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ኖኤስኪውኤል የተባሉት (የሠንጠረዡን አሠራር የተዉ) ዳታቤዞች ተስፋፉ፤ ሞንጎዲቢን ጨምሮ አንዳንዶቹ የተዉትን ትራንዛክሽን (ብዙ ለውጦችን ወይ ሁሉንም ወይ ምንም አድርጎ የሚያያይዝ አሠራር) ኋላ ላይ መልሰው አስገብተዋል።

በንድፍ ሥራ ዋናው ደንብ አንድን መረጃ አንድ ቦታ ብቻ መጻፍ ነው። የደንበኛው ስልክ በደንበኛውም በትዕዛዙም ሠንጠረዥ ከተመዘገበ አንዱ ሲታረም ሌላው አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ትዕዛዙ የደንበኛውን መለያ ቁጥር ብቻ በውጭ ቁልፍነት (ወደ ደንበኛው ሠንጠረዥ በሚያመለክት ዓምድ) ይይዛል። የዓምድ ዓይነት ምርጫም መዘዝ አለው፦ ስልክ በኢንቲጀር (በሙሉ ቁጥር) ከተያዘ የፊተኛው ዜሮ ይጠፋል፤ በፍሎት (በግምታዊ አስርዮሽ) 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ልክ 0.3 አይመጡም፤ ለገንዘብ የሚሆነው አስርዮሹን በልኩ የሚይዘው ዴሲማል ነው።

የእነዚህ ሥርዓቶች ትልቁ ውለታ ትራንዛክሽን ነው። ከአንድ ሒሳብ 500 ተቀንሶ ሌላው ላይ ሳይደመር ሰርቨሩ ቢወድቅ፣ ሲነሳ ቅነሳው እንዳልነበረ ይሆናል። ይህ የሚቻለው ለውጡ ከሠንጠረዡ አስቀድሞ ሎግ (የለውጦች መዝገብ) ላይ ስለሚጻፍ ነው፤ ኮሚት (ለውጡን ማጽደቅ) ተሳካ የሚባለውም ሎጉ ዲስክ ላይ ሲያርፍ ነው። ፍጥነት ፍለጋ ኤፍሲንክን፣ ማለትም ጽሑፉ በእርግጥ ዲስክ ላይ እንዲያርፍ የሚያስገድደውን ቅንብር፣ የሚያጠፉ አሉ። ኃይል በተቋረጠ ቀን የመጨረሻው ለውጥ መጥፋቱ ቀላሉ ጉዳት ነው፤ ዳታቤዙ እንዳለ ሊበላሽ ይችላል።

ፖስትግሬስኪውኤል የሚያነበው በ8 ኪሎባይት ገጽ ነው። ኢንዴክስ (የመፈለጊያ ማውጫ) ከሌለ ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ያስሳል፤ በዛፍ መልክ የተደራጀው የቢ-ትሪ ኢንዴክስ ግን ከሚሊዮኖች ረድፎች መሀል የተፈለገውን በጥቂት ገጾች ንባብ ያወጣል። ኢንዴክስ ማብዛት መጻፍን ያዘገያል።

ተከፍቶ ኮሚት ሳይደረግ የተተወ ትራንዛክሽን ስውር ጠንቅ ነው። የነካቸውን ረድፎች ቆልፎ ሌሎችን ያስጠብቃል። በዚያ ላይ በፖስትግሬስኪውኤል አፕዴት (ረድፍን የሚለውጠው ትእዛዝ) የድሮውን ረድፍ ስለማያጠፋ፣ ይህን ቆሻሻ የሚያነሳው ቫኪዩም ሥራው ይታገድበታል፤ ሠንጠረዡም ያብጣል። ለዚህ የጊዜ ገደብ ማበጀት ይበጃል፤ ፖስትግሬስኪውኤል ሲጫን ይህ ገደብ የለውም።

ሬፕሊካ (ዋናውን እየተከተለ የሚገለብጥ ሁለተኛ ሰርቨር) ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) አይደለም፤ ዌር (የትኞቹ ረድፎች የሚለው ገደብ) የተረሳበት ዲሊት (የማጥፊያ ትእዛዝ) በቅጽበት እሱም ላይ ይደርሳል። የፖስትግሬስኪውኤል ቅጂ መውሰጃ መሣሪያ ፒጂ-ዳምፕ የሚያስቀረው የተጀመረበትን ሰዓት መልክ ብቻ ነው፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተወስዶ ስህተቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ቢፈጠር የ13 ሰዓት ሥራ ይጠፋል። ይህን ለማዳን ሙሉ ቅጂና ከዚያ ወዲህ ያሉት የሎግ ፋይሎች፣ በተለምዶ እያንዳንዳቸው 16 ሜጋባይት፣ በሌላ ቦታ ይቀመጣሉ፤ በእነሱ እስከ ስህተቱ ዋዜማ ደቂቃ መመለስ ይቻላል። ከመሀል አንድ ፋይል ከጎደለ ግን ማስነሳቱ እዚያው ላይ ይቆማል። የሎግ ፋይሎቹን ወደዚያ ማስተላለፉ ከተሰናከለ ደግሞ ሎጉ ሰርቨሩ ላይ ተከማችቶ ዲስኩን ይሞላና ዳታቤዙ ይቆማል። ቅጂው በየጊዜው ሌላ ሰርቨር ላይ ተነስቶ ይፈተሻል፤ ፒጂ-ዳምፕ ተጠቃሚዎችንና የይለፍ ቃላቸውን ስለማይዝ እነሱ በሌላው መሣሪያ በፒጂ-ዳምፕኦል ለብቻ ይወሰዳሉ።