ፒኤች 7 ማለት ንጹሕ ውሃ ማለት አይደለም

ከከሰል ድንጋይ ማውጫ አጠገብ የተቀዳ የውሃ ናሙና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 7፣ ማለትም አሲድም ቤዝም ያልሆነ፣ ሲያሳይ ብዙዎች እፎይ ይላሉ። ገና ነው! በከሰሉ ውስጥ ያለው ፓይራይት የተባለ የብረትና የድኝ ማዕድን አየርና ውሃ ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል። ኖራማ ድንጋይ የአሲዱን ኃይል ቢሰብረውም ከአሲዱ የሚቀረው ሰልፌት የተባለ የድኝ ውህድ ከውሃው ጋር ይጓዛል። ስለዚህ ሰልፌትም አብሮ ይለካል፤ ጠጠሩን የሚያለብሰው ብርቱካናማ የብረት ዝቃጭ እስኪታይ መጠበቅ መዘግየት ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚገባ ጅረት አጠገብ ከሰል ይቆፈር ቢባል ሌላ ጣጣ አለ፤ ሰልፌት ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽም ይመጣል። ቁፋሮው ሳይጀመር በክረምትም በበጋም፣ ከማውጫው በላይና በታች፣ ከውሃ ጉድጓዶችም ጭምር የተለካ መነሻ ከሌለ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት እጅግ ያስቸግራል። ነዋሪው ይህን ልኬት አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ።