በጥቃት የቆሰሉ ታዳጊዎችና የአሜሪካ ከተሞች ሆስፒታሎች

በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች የሚገኙ የድንገተኛ አደጋ ሕክምና ማዕከሎች በቡጢ፣ በስለትና በጥይት የቆሰሉ ታዳጊዎችን ያለማቋረጥ ይቀበላሉ። በቡጢና በዱላ የተጎዳ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የመንጋጋው ወይም የእጁ አጥንት ተሰብሮ ይመጣል፤ በስለት የተወጋው ደግሞ ከውጭ የሚታየው ቁስል ትንሽ ሆኖ ሳለ ሳንባው ወይም አንጀቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የሚከፋው የጥይቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በአገሪቱ ከ1 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን በመግደል የጦር መሣሪያ የመኪና አደጋን በልጦ በቀዳሚነት ተመዝግቧል።

የቀዶ ሐኪሙ ሥራ ግን ቁስሉ ላይ ያበቃል። ልጁ ሲሻለው የሚመለሰው ወደ ተመታበት ሰፈር ነው፣ ምናልባትም የመታው ሰው ወደሚያልፍበት መንገድ። በሚሺጋን ግዛት ፍሊንት ከተማ በጥቃት ተጎድተው ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡና ዕፅ የሚጠቀሙ ከ14 እስከ 24 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ወጣቶችን ለሁለት ዓመት የተከታተለ ጥናት ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ የሚሆኑት ዳግም በጥቃት ቆስለው ለሕክምና መመለሳቸውን አሳይቷል። ይህን ያህል የሚደጋገም ጉዳት ድንገተኛ አደጋ መባሉ አይገባውም፤ ክትትል እንደሚያሻው ሥር የሰደደ ሕመም ሊታይ ይገባል።

ይህን ቀድመው ከተረዱት አንዱ በካሊፎርኒያ ግዛት የኦክላንድ ከተማው ሸርማን ስፒርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በጥይት ተመትቶ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ፣ አልጋ ላይ የተኛ ልጅ ምን እንደሚያስብ ከራሱ ያውቅ ነበር፤ ብድር መመለስን። በ1994 ዩዝ አላይቭ በተባለው ድርጅት ሥር በሃይላንድ ሆስፒታል የቆሰሉ ወጣቶችን በአልጋቸው አጠገብ መጠየቅ ጀመረ። ከዚህ የተወለደው አሠራር እንዲህ ነው። ከዚያው ሰፈር የወጣና ተመሳሳይ ኑሮ ያለፈ ሠራተኛ ታካሚው ገና ተኝቶ ሳለ ይቀርበዋል፣ ቂም ይዘው በኮሪደሩ የተሰበሰቡ ጓደኞቹን ያረጋጋል፣ ልጁ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላም ለወራት ቤቱ ድረስ እየሄደ ወደ ትምህርት ቤት መመለሱን፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮውን፣ ለወንጀል ተጎጂዎች የሚሰጠውን ካሣና የሥነ ልቦና ሕክምናውን ይከታተላል፤ ሰፈሩ የማያስቀምጠው ከሆነም ቤተሰቡ መኖሪያ እንዲቀይር ያግዛል። ፖሊስ ስለ ተኳሹ ሲጠይቀው አፉን የሚዘጋው ልጅ ለዚህ ሰው ይናገራል።

አሠራሩ በ1998 ወደ ባልቲሞር፣ በ2005 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተዛመተ፤ በ2009 ፕሮግራሞቹ በአገር አቀፍ ደረጃ ተሰባሰቡ። ዋናው ችግራቸው ገንዘብ ነው፤ ብዙዎቹ ለዓመታት የኖሩት በጊዜያዊ ዕርዳታ ሲሆን፣ በ2021 የኮነቲከትና የኢሊኖይ ግዛቶች አገልግሎቱ ሜዲኬይድ በተባለው፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን እንዲከፈል የሚያስችል ሕግ አውጥተዋል። ሌላው ክፍተት የሚታየው ጉዳታቸው ቀላል የሆኑት ላይ ነው፤ በሌሊት መጥቶ ቁስሉ ተሰፍቶ ከመንጋቱ በፊት የሚሰናበት ልጅ አልጋ ስለማይዝ፣ ጠያቂው ሠራተኛ ጠዋት ሲገባ አያገኘውም።