«ጭሳለች፣ አልቃለች»፦ ስለ አሮጌዋ ቱ ስትሮክ የሚወራውና እውነታው

ክረምት ላይ ደሴ ጠዋት ጠዋት ጉም ትለብሳለች። ጦሳ ተራራ እዚያው አጠገባችን ሆኖ አይታይም። እንዲህ ባለ ጠዋት የአባቴን ሞተር ብስክሌት፣ ያማሃ ዲቲ 125ን፣ ከግቢ አወጣለሁ። ቤንዚን እከፍታለሁ፣ ሾኩን እስባለሁ፣ እረግጣለሁ። በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ትነሳለች። ጭሷ ከጉሙ ጋር ይቀላቀላል። ይሄኔ አንዱ ጎረቤት በበሩ ብቅ ይልና «አንተ ልጅ፣ ዛሬም ይቺን ነገር አልሸጥካትም?» ይለኛል።

አልሸጥኳትም። አልሸጣትምም። አባቴ የግብርና ሠራተኛ ሳለ ከኩታበር ወዲያ ያለውን ገጠር ያዳረሰው በእሷ ነው። የከብት ክትባት ሳጥን ከኋላ አስሮ ይወጣል፤ ሲመሽ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይመለሳል።

ስለ እሷና ስለ መሰሎቿ ብዙ ይወራል። መሰሎቿ ስል በአየር የሚቀዘቅዙትን፣ ዘይትና ቤንዚን አብረው የሚያቃጥሉትን አሮጌ ቱ ስትሮክ የፒስታ (የኮረኮንች መንገድ) ሞተሮች ማለቴ ነው፤ ያማሃ ዲቲ፣ ያማሃ ኤጂ 100፣ ሱዙኪ ቲኤፍ 125። ከሚወራው ብዙው ስህተት ነው። ስህተቱም ወሬ ሆኖ ብቻ አይቀርም። ደህና ሞተር ሲገድል በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ከጨሰች አልቃለች»

ይህ ወሬ የመጣው ከመኪና ነው። የመኪና ሞተር ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው፤ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ሄዷል ማለት ነው። ሰው ቱ ስትሮኳንም በዚያው ሚዛን ይመዝናታል። የእሷ አሠራር ግን ሌላ ነው። ክራንኩ ሥር የሚቀመጥ ዘይት የላትም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይገባል፣ ክራንኩንና ፒስተኑን ቀብቶ ያልፋል፣ ከዚያ አብሮ ይቃጠላል። ጠዋት በብርድ ስትነሳ መጨሷ ጤና ነው። እንዲያውም ዘይት ያላት ሞተር ጭራሽ ካልጨሰች እኔ እደነግጣለሁ።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ከሞቀች በኋላም ወፍራም ነጭ ጭስ ካላቆመች፣ የማርሽ ዘይቷም መሬት ላይ ሳይንጠባጠብ እየጎደለ ከሄደ፣ በፍሪሲዮን በኩል ያለው ኦይል ሲል አልቋል። የማርሽ ዘይቱን እየሳበች እያቃጠለችው ነው። እሱም ቢሆን የጎማ ቀለበት መቀየር ነው እንጂ የሞተር ሞት አይደለም። አብሽር።

«ዘይት በበዛ ቁጥር ይሻላታል»

በቅንነት የሚደረግ ጥፋት ነው። ሰው ይሳሳላትና «ለማንኛውም» ብሎ ጨመር ያደርጋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 5 ሊትር ቤንዚን በ1 ለ 40 ከተቀላቀለ 125 ሚሊ ሊትር ዘይት ይፈልጋል። በ1 ለ 20 ደግሞ 250 ይሆናል። 1 ለ 20 የጥንት ሞተሮች መጽሐፍ ላይ ይገኛል፤ የዚያን ዘመን ዘይት ደካማ ስለነበር ነው። ዛሬ በደህና የቱ ስትሮክ ዘይት ያን ያህል ስታፈስ ካንዴላው ይርሳል፣ ማርሚታው በጥላሸት ይደፈናል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ አለ። ዘይቱ በበዛ ቁጥር በዚያችው የካርቡራተር ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል። ቤንዚን ሲያንስ ሞተር ይግላል። ልታድናት ብለህ ታቃጥላታለህ።

ዲቲን ጨምሮ ብዙዎቹ ያማሃዎች የዘይት ሳጥን ለብቻ አላቸው። ያማሃ አውቶሉብ የሚለውን የዘይት ፓምፕ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ፓምፑ የሞተሩን ፍጥነትና የጋዙን አከፋፈት እያየ ዘይቱን ራሱ ይመጥናል። ፓምፑ ደህና ከሆነ ቤንዚኑ ውስጥ ሌላ ዘይት አትጨምር። የመኪና ዘይትም አይሆንም። ሲቃጠል አመድ ይተዋል።

ስለ ዘይት ካነሳን አይቀር፣ የድሮ የውድድር ቱ ስትሮኮች ጭስ የሚታወቅበት ያ ጣፈጥ የሚል ሽታ የጉሎ ዘይት ሽታ ነው። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ የሚያሟሹበት ጉሎ! እሳት ላይ ምጣዱን ሙጥኝ ብሎ እንደሚይዘው ሁሉ የጋለ ብረትም አይለቅም፤ ለዚህ ነበር የተወደደው። ይህን ባወቅሁ ቀን ከእናቴ ማድ ቤት እስከ ሞተሬ ያለው መንገድ አጠረብኝ። ግን በሞተርህ አትሞክረው። ሙጫ ይሠራል፣ ከሌላ ዘይት ጋርም በቀላሉ አይስማማም።

«ማርሚታዋን ቁረጣት፣ ትፈጥናለች»

ትጮሃለች እንጂ አትፈጥንም። ይህችን በደንብ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ከሞተሩ ሁሉ የምወደው ነገር እዚህ ነው ያለው።

ቱ ስትሮክ እንደ መኪና ጭስ የሚዘጋ ቫልቭ የላትም። ያለው ሲሊንደሩ ጎን ላይ ያለ ቀዳዳ ነው፤ ፒስተኑ ሲወርድ ይከፈታል፣ ሲወጣ ይዘጋል። አዲሱ ቤንዚን ሲገባ ታዲያ ከጭሱ ጋር አብሮ ሊያመልጥ ይችላል። የሚመልሰው ማርሚታው ነው። ሆዱን እይ። መጀመሪያ እየሰፋ ይሄዳል፣ ከዚያ እየጠበበ። የተቃጠለው ጋዝ ተስፈንጥሮ ሲወጣ የግፊት ማዕበል ይፈጥራል። ማዕበሉ የሚሰፋው ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ይስባል፣ ሲሊንደሩን ያጸዳል። የሚጠበው ላይ ሲደርስ ነጥሮ ይመለስና ያመለጠውን አዲስ ቤንዚን መልሶ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ወዲያው ቀዳዳው ይዘጋል። ይህ ሁሉ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይሆናል። ያለ አንድ ተንቀሳቃሽ ዕቃ፣ በቆርቆሮ ቅርጽ ብቻ!

ይህን ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያበሰለው የምሥራቅ ጀርመኑ የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ የኤምዜድ መሐንዲስ ዋልተር ካደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የእሱን ሞተሮች በውድድር ይጋልብ የነበረው ኤርንስት ዴግነር ከድቶ ወደ ሱዙኪ ሄደ፤ እውቀቱንም ይዞ ሄደ። በዓመቱ ሱዙኪ በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሰው አገሩን ጥሎ የተሻገረበትን ዕውቀት በመጋዝ ስትቆርጠው ያሳዝነኛል።

«ውሃ ስለሌላት ግላ ትቃጠላለች»

የምትቀዘቅዘው በሲሊንደሩ ዙሪያ ባሉት ክንፎች ነው። ነፋስ ካገኙ ይበቃቸዋል። የሞቶክሮስ (የአፈር ላይ ውድድር) ሞተር ፋብሪካዎች ወደ ውሃ የዞሩት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ በፊት የዓለም ሻምፒዮና በአየር በሚቀዘቅዙ ሞተሮች ሲበላ ኖሯል። ሁለት ነገር ብቻ ጠብቅ። ቆመህ ስታወራ አጥፋት። በክንፎቹ መሃል የደረቀውን ጭቃ ደግሞ በእንጨት ጎርጉረህ አውጣ፤ ጭቃ ማለት ለእሷ ብርድ ልብስ ነው።

«ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፋ፣ ነዳጅ ትቆጥባለህ»

ይህን የሚሉኝ በብዛት ኮምቦልቻ የሚመላለሱ ሰዎች ናቸው። እኔም አምኜው ነበር።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመካከል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐረጎ ላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ያን ጊዜ ፓምፑ ተበላሽቶ ነበርና ዘይቱን ቤንዚን ውስጥ ቀላቅዬ ነበር የምነዳው። ማርሽ እንዳስገባሁ ጋዙን ዘጋሁና ለቀቅኳት። ሞተሩ በጎማው ተገፍቶ እያፏጨ ይዞራል። ግማሽ ላይ ስደርስ ድምፁ ደረቅ አለብኝ። ወዲያው የኋላ ጎማው ተያዘ፣ ጎኗን ሰጠችኝ። ፍሪሲዮኑን ጨበጥኩ፣ ተንሸራትቼ ጠርዙ ላይ ቆምኩ። ከኋላ የሚመጣ ከባድ መኪና ቢኖር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ፒስተኑ ነክሶ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ነበር። ሲሊንደሩ ሲወጣ በጭስ መውጫው በኩል አሉሚኒየሙ ብረቱ ላይ ተለስኖ ነበር። ሽበት የጣለባቸው መካኒክ በጣታቸው ነካ አድርገው «አየህ ልጄ፣ ጋዙን ስትዘጋ ቤንዚኑን ብቻ መሰለህ የዘጋኸው? ዘይቱንም ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን አልረሳሁም።

ስለዚህ ሐረጎን እንዲህ ነው የምወርደው። በየጥቂቱ ፍሪሲዮን ይዤ ጋዝ እሰጣታለሁ፤ ዘይት ትጠጣለች። ሁለት ጣቴ ፍሪሲዮኑ ላይ ነው። ቱ ስትሮክ በማርሽ እምብዛም ስለማትይዝ ክብደቱ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ የድሮ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይሰንፋል። በየመሃሉ እያሳረፍኩ፣ ከታች ሳይሆን ከላይ ጀምሬ ቀስ እላለሁ። ፓምፑ የሚሠራ ቢሆንም እንኳ ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ፍሬንን ብቻውን መተው ነው።

«ደሴ ላይ ጉልበት የላትም፣ አርጅታለች»

አየሩ ነው የሳሳው። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ለቆላ የተመጠነ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ሞተሩ ይታፈናል። ካንዴላውን ፍታና እየው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ በዝቷል። ማኪያቶ ከመሰለ ልክ ነው። ነጭ ከሆነ አንሷል፣ ተጠንቀቅ። መፍትሔው ካርቡራተር ውስጥ ያለችውን ቤንዚን መጣኝ ብሎን በአንድ ቁጥር ቀዳዳዋ በምትጠብ መቀየር ነው። ለደሴ አጥብበህ አስተካክለህ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ሙሉ ጋዝ ብትሰጣት ግን አየሩ ይበዛባታል። እዚያ ለሚመላለስ ሰው ትንሽ ጠቆር ያለ ካንዴላ ይሻላል።

ጉልበቷን ለማግኘትም መስማት አለብህ። በዝቅተኛ ዙር ተኝታ ትጎተታለች። ድምፁ ሲቀጥን ድንገት ትነሳለች። ወደ ቦሩ ሜዳ በሚያወጣው ዳገት ማርሽ ቀንሰህ እዚያ ድምፅ ላይ ያዛት። ያን ጊዜ ያለ ምክንያት ትስቃለህ።

«ቆሞ መንዳት ጉራ ነው»

ኮረኮንች ላይ ተቀምጦ የነዳ ሰው ወገቡ ይነግረዋል። ከድሮዎቹ ብዙዎቹ ሁለት የኋላ ሞላ አላቸው፤ እርምጃቸውም አጭር ነው። ጉልበትህ ሦስተኛው ሞላ ነው። ስትቆም ክብደትህ ወደ እግር መርገጫው ይወርዳል፣ ሞተሯ ከሥርህ ትወዛወዛለች፣ አንተ ግን ትረጋለህ። አባቴ ከኩታበር ወዲያ እስከ ጡረታው ድረስ ቆሞ ነው የነዳት። ለማን ጉራ ሊነፋ ነው፣ ለበጎች?

«ዕቃ የላትም፣ አንዴ ከነከሰች አበቃላት»

ከአንዳንድ ዘመናዊ ሞተሮች የምትሻለው እዚህ ላይ ነው። የእነዚያ ሲሊንደሮች ውስጣቸው በስስ ሽፋን የተለበጠ ነው፤ ከተቧጨረ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስፋት አይቻልም። የዲቲ 125 ሲሊንደር ውስጡ ወፍራም ብረት ነው። ስፋቱ 56 ሚሊ ሜትር። ሲበላሽ በሩብ ሚሊ ሜትር ይሰፋና አንድ ቁጥር የሚበልጥ ፒስተን ይገባል፤ 0.25፣ 0.50፣ 0.75፣ 1.00።

ሐረጎ ላይ የነከሰችው ቀን የእኛዋ 0.25 ላይ ነበረች። አሁን 0.50 ላይ ናት። ሁለቱ ገና አልተነኩም።