«የባሕር ጠለል ከፍ አለ» ሲባል ጣናንም ይጨምራል?

አይጨምርም፤ የሚያሳስተን ሐይቁን «ባሕር» ማለታችን ነው። የባሕር ጠለል የውቅያኖስ አማካይ ከፍታ ሲሆን፣ የጣና ወለል ከዚያ 1,786 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ ውሃው በሙቀት ሲሰፋና የምድር በረዶ ሲቀልጥ የሚያድገው ውቅያኖስ ባሕር ዳር ከተማ አይደርስም። ጣናን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት የክረምቱ ዝናብ፣ ገባር ወንዞቹና፣ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዓባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ ናቸው።

ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት ገበሬው «ባሕር ሸሽ» ይለዋል፤ ጭቃው እርጥበቱን ሳይጨርስ ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራበትና ውሃው ሲመለስ ይለቅለታል። የውቅያኖስ ዳርቻ ነዋሪ ግን የተወሰደበት መሬት በየዓመቱ ስለማይመለስለት፣ ቤቱን በምሰሶ ላይ ከፍ አድርጎ መሥራት፣ ማዕበል የሚሰብር የማንግሮቭ (በጨዋማ ውሃ ዳርቻ የሚበቅል ዛፍ) ደን ማልማት፣ አለዚያም ከነጭራሹ ወደ መሃል አገር መዛወር ይኖርበታል።