ላስሎ፦ የሀንጋሪ የወንድ ስምና ታሪካዊ አመጣጡ

ላስሎ ከሀንጋሪ ነባር የወንድ ስሞች አንዱ ሲሆን ዛሬም በአገሪቱ በብዛት ከሚሰሙት ስሞች ተርታ ይገኛል። ምንጩ ቭላዲስላቭ የተባለው የስላቭ ሕዝቦች ስም ቢሆንም፣ ሀንጋሪያውያን የራሳቸው አድርገው የያዙት ከ1077 እስከ 1095 በነገሠውና በኋላ ቅዱስ ተብሎ በታወጀው በቀዳማዊ ላስሎ ምክንያት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በላቲን ሰነዶች ላዲስላውስ ተብሎ ይጻፋል፤ ስሎቫኮችና ክሮአቶች ላዲስላቭ፣ ጣሊያኖች ላዲስላኦ፣ ፈረንሳዮች ደግሞ ላዲስላስ ይሉታል። በቤተሰብና በወዳጅ መካከል ላስሎ የተባለ ሰው ላትሲ ወይም ላትስኮ ተብሎ ይቆላመጣል።

ቭላዲስላቭ ሥልጣንንና ክብርን ከሚያመለክቱ ሁለት የስላቭ ቃላት የተገጣጠመ ስም ነው። የጥንቱ ሀንጋሪኛ ቃልን በሁለት ተነባቢዎች መጀመር ስለማይወድ የመነሻው «ቭ» ወድቋል፤ መካከለኛው ክፍልም እየተዋጠ ሄዶ ስሙ አሁን ባለው አጭር መልኩ ረግቷል። በአርፓድ ሥርወ መንግሥት ውስጥ ስሙ ከቅዱሱ ንጉሥ በፊትም ይታወቅ ነበር። የመጀመሪያው የሀንጋሪ ንጉሥ የቅዱስ ኢሽትቫን ዘመድ የሆነ ሳር ላስሎ፣ ማለትም መላጣው ላስሎ፣ የሚባል መስፍን ነበር። የመካከለኛው ዘመን ዜና መዋዕሎች ይህን መስፍን የአንድራሽ፣ የቤላና የሌቬንቴ አባት አድርገው ያቀርቡታል። የዘመናችን የታሪክ ምሁራን ግን የሦስቱ ወንድማማቾች አባት በኢሽትቫን ዘመን ዓይኑ እንዲጠፋ የተደረገው ቫዙል እንደነበረ ይቀበላሉ፤ ጸሐፊዎቹ የዘር ሐረጉን የለወጡት የነገሥታቱን ቤት ከዚያ ነውር ለማራቅ ሳይሆን አይቀርም።

ቀዳማዊ ላስሎ በ1040 አካባቢ ከሦስቱ ወንድማማቾች አንዱ የሆነው አባቱ ቤላ በስደት በነበረበት በፖላንድ ተወለደ፤ እናቱ የፖላንዱ ገዥ የዳግማዊ ሚየሽኮ ልጅ ነበረች። በስላቮች መካከል መወለዱ ለስሙ ምርጫ ምክንያት ሳይሆን አልቀረም። በ1074 ከወንድሙ ከጌዛ ጋር ሆኖ ንጉሥ ሻላሞንን በሞጆሮድ ጦርነት ድል አደረገ፤ ጌዛ በ1077 ሲሞትም ዙፋኑን ወረሰ። በ1083 ኢሽትቫን፣ ልጁ ኢምሬና ጳጳሱ ጌሌርት ከሌሎች ሁለት መናንያን ጋር ቅዱሳን ተብለው እንዲከበሩ አደረገ። በ1091 ወደ ክሮኤሽያ ዘመተ፣ በዛግሬብ መንበረ ጵጵስና መሠረተ፣ በ1092 ደግሞ በሳቦልች የተደረገውን የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሰበሰበ። ስርቆትን በስቅላት እስከ መቅጣት የሚደርሱት ሕጎቹ ከብዙ የሥልጣን ሽኩቻ በኋላ ለአገሪቱ ሰላም አስገኝተዋል። ሴት ልጁ ፒሮሽካ ኢሬኔ ተብላ የቢዛንታይኑን ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሐንስ ኮምኔኖስን አግብታለች፤ በቁስጥንጥንያ ከታነጸው ታላቁ የጳንጦክራጦር ገዳም ጋር ስሟ አብሮ ይነሣል። የምዕራብ መኳንንት የመስቀል ጦርነትን እንዲመራ መርጠውት ነበር የሚለው የዜና መዋዕሎቹ ትረካ ግን እውነት ሊሆን አይችልም። ንጉሡ ያረፈው በጁላይ 1095 ሲሆን፣ የሮማው ሊቀ ጳጳሳት የኡርባን የዘመቻ ጥሪ የተሰማው በዚያው ዓመት በኖቬምበር ነውና።

ስሙን ከቤተ መንግሥት አውጥቶ በሕዝቡ ልብ ያሳደረው ከሁሉ በላይ የኬርሌሽ ታሪክ ነው። በ1068፣ ላስሎ ገና መስፍን ሳለ፣ ከምሥራቅ የመጡ ፈረሰኛ ወራሪዎች ትራንሲልቫኒያን ዘርፈው ሲመለሱ የሀንጋሪ ሠራዊት ኬርሌሽ ላይ ደረሰባቸው። ዜና መዋዕሎቹ ወራሪዎቹን ኩማኖች ይሏቸዋል፤ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ግን ፔቼኔጎች ወይም ኦጉዞች እንደነበሩ ይገምታሉ። በትረካው መሠረት ላስሎ አንድ ኩማን የሀንጋሪ ልጃገረድ በፈረሱ አፈናጥጦ ሲሸሽ ያያል። የናጅቫራድ ጳጳስ ልጅ መስላው፣ ቆስሎም ሳለ፣ ፈረሱን ኮልኩሎ ይከተላቸዋል፤ በእጁ የያዘው ጦር ኩማኑ ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ግን ፈረሱ ከዚያ በላይ ሊፈጥንለት አልቻለም። ያን ጊዜ «ኩማኑን በቀበቶው ይዘሽ ወደ መሬት ዝለይ» ብሎ ይጮህላታል፤ እርሷም እንዳላት ታደርጋለች። ሁለቱ ወንዶች ለረጅም ጊዜ ይታገላሉ፣ በመጨረሻም ኩማኑ ይገደላል። ይህ ትግል በዛሬዎቹ ሀንጋሪ፣ ስሎቫኪያና ሩማኒያ በሚገኙ በርካታ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተከታታይ ትዕይንት ሆኖ ተሥሏል፤ በትራንሲልቫኒያ ጌሌንሴና ሴኬይዴርዝ ያሉት ከታወቁት መካከል ናቸው። በሥዕሎቹ ላይ ልጅቷ ዝም ብላ አትመለከትም፤ መጥረቢያ ይዛ የኩማኑን የእግር ጅማት ትቆርጣለች። ከድሉ በኋላ ቅዱሱ ራሱን በጭኗ ላይ አሳርፎ ይታያል።

ላስሎ በ1192፣ በሣልሳዊ ቤላ ዘመን፣ ቅዱስ ተብሎ ታወጀ። መቃብሩ የነበረበት የናጅቫራድ ካቴድራል (ከተማዋ ዛሬ በሩማኒያ ኦራዴአ ትባላለች) የመሐላና የፍርድ ቦታ ሆነ። በዚያ የሚቀርብ ባለጉዳይ የጋለ ብረት በእጁ ይዞ ይሄዳል፤ እጁ ተጠቅልሎ በማኅተም ከታሸገ ከቀናት በኋላ ይፈታና እንደ ቁስሉ ሁኔታ ይፈረድለታል ወይም ይፈረድበታል። ከ1208 እስከ 1235 የታዩት ጉዳዮች የተጻፉበት የቫራድ መዝገብ በ1550 ታትሞ ለእኛ ስለደረሰ፣ የከሳሾች፣ የተከሳሾችና የመንደሮች ስሞች የተከማቹበት ለሀንጋሪ ስሞች ጥናት እጅግ ውድ የሆነ ምንጭ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ታላቁ ላዮሽ የቅዱሱን ምስል በወርቅ ሳንቲሞቹ ላይ አስቀረጸ፤ ንጉሥ ዚግሞንድም በ1437 ሲሞት እዚያው ካቴድራል ተቀበረ። የቅዱሱን የራስ ቅል የያዘው፣ በራስና በደረት ምስል የተሠራው የብር ማኅደር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ በጆር ካቴድራል ይገኛል፤ በየዓመቱ ጁን 27፣ በስሙ ቀን፣ ይከበራል።

ስሙን ከያዙት በኋለኞቹ ነገሥታት መካከል በ1290 በኩማኖች እጅ የተገደለው ራብዓዊ ላስሎ እናቱ ኩማናዊት ስለነበረች «ኩማኑ ላስሎ» እየተባለ ይጠራል። ሀምሳዊ ላስሎ ደግሞ አባቱ ከሞተ በኋላ የተወለደ ወጣት ንጉሥ ነበር፤ የቱርኮችን ጦር የመከተው የያኖሽ ሁኛዲ የበኩር ልጅ፣ የስሙ ሞክሼ የሆነው ላስሎ ሁኛዲ፣ በ1457 በቡዳ አንገቱ እንዲቀላ አደረገ። በሕዝቡ ዘንድ በፍቅር የሚታወሰው ሟቹ እንጂ ንጉሡ አይደለም፤ የፌሬንትስ ኤርኬል የ1844 ኦፔራም የተሰየመው በእርሱ ስም ነው። ከያጊየሎን ቤት የመጡት ሁለት ነገሥታት፣ በ1444 በቫርና ጦርነት የወደቀውን ጨምሮ፣ ስማቸው ከዚያው ከቭላዲስላቭ ቢመጣም ሀንጋሪያውያን ኡላስሎ ብለው ለይተው ይጠሯቸዋል።

በኦቶማንና በሀብስቡርግ አገዛዝ ዘመናትም ስሙ በመኳንንቱም በገበሬውም ቤት መውጣቱን አላቋረጠም። የቅዱሱ ስም ሴንትላስሎ እየተባለ በበርካታ መንደሮች ላይ ቀርቷል። በድንጋይ ውስጥ የሚገኙትን ክብና ጠፍጣፋ ቅሪተ አካላትም ሕዝቡ «የቅዱስ ላስሎ ገንዘብ» ይላቸዋል፤ የሚሸሹ ጠላቶች የበተኑትን ወርቅ ለመልቀም አሳዳጆቹ ሲቆሙ ንጉሡ ጸልዮ ሳንቲሙን ወደ ድንጋይ ለወጠው ይባላል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ላስሎ ከተስፋፉት ስሞች አንዱ ሆነ። ዛሬ በየኪሳችን ያለውን እስክሪብቶ የፈለሰፈው ላስሎ ቢሮ፣ በ1948፣ በ1952 እና በ1956 በተከታታይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ቦክሰኛ ላስሎ ፓፕ፣ የባርሴሎናው እግር ኳስ ተጫዋች ላስሎ ኩባላ እንዲሁም በ2025 የኖቤል ሥነ ጽሑፍ ሽልማት የተቀበለው ላስሎ ክራስናሆርካይ የዚህ ስም ባለቤቶች ናቸው። በኢጣሊያ ወረራ ዋዜማ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ስለ ኢትዮጵያ መጽሐፍ የጻፈው ላዲስላስ ፋራጎም በትውልዱ ሀንጋሪያዊ፣ በስሙም ላስሎ ነበር። በቅርብ ዓመታት ለሚወለዱ ሕፃናት ስሙ እንደ ቀድሞው በብዛት አይወጣም፤ ወላጆች ይልቁንም ቤንሴና ማቴ የመሳሰሉትን ይመርጣሉ። በሀንጋሪኛ የቤተሰብ ስም ስለሚቀድም በአገሩ ሰነዶች ላይ ቢሮ ላስሎ፣ ፓፕ ላስሎ ተብሎ ይጻፋል፤ ላስሎ ራሱም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚያገለግል፣ በቅድሚያ ተጽፎ ሲገኝ የሰውየው መጠሪያ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ነው።