ጣናን በስሌት፦ ኮምፒውቴሽናል ሳይንስና ምህንድስና በባሕር ዳር

ኮምፒውቴሽናል ሳይንስና ምህንድስና ሒሳብን፣ ፕሮግራሚንግንና የምህንድስና ችግርን አንድ ላይ ይዞ የሚሄድ፣ በብዛት በድህረ ምረቃ የሚሰጥ ዘርፍ ነው። ብዙ ሰው ከኮምፒውተር ሳይንስ ጋር ያምታታዋል። እዚህ ዋናው ጉዳይ ኮምፒውተሩ ሳይሆን፣ በእጅ የማይፈታ ቀመር በኮምፒውተር እንዴት ተሰልቶ አስተማማኝ መልስ ይሰጣል የሚለው ነው።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2000 ፖሊ ቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ ተዋህደው ነው። ተማሪዎች ዛሬም ግቢዎቹን ፖሊና ፔዳ ይሏቸዋል። ለዚህ ሙያ የፔዳ ሒሳብና የፖሊ ውሃ ምህንድስና አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው። የቴሲስ ርዕስ ደግሞ ደጃፍ ላይ አለ፤ ጣና።

ጣና 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን 14 ሜትር አካባቢ ቢደርስ ነው። ስለዚህ ነፋስ በቀላሉ ያንቀሳቅሰዋል። ሐይቁን ጎናቸው 500 ሜትር በሆነ ካሬዎች ብንከፍለው 12,000 ያህል ካሬ ይወጣል። በእያንዳንዱ ውስጥ የውሃው ከፍታና ፍጥነት ይሰላል። 14 ሜትር ጥልቀት ላይ ረጅም ሞገድ በሰከንድ 12 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ አንዱን ካሬ በ43 ሰከንድ ያቋርጣል። በተለመደው ቀጥተኛ ዘዴ፣ ማለትም ቀጣዩን ቅጽበት ከአሁኑ ቁጥሮች ብቻ በሚያሰላው፣ የስሌቱ የጊዜ እርምጃ (ከአንዱ ስሌት እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ) ከዚህ ማነስ አለበት፤ በሁለት አቅጣጫ ሲሰላ እንዲያውም ወደ 30 ሰከንድ ይወርዳል። ካለፈ ቁጥሮቹ ያብዳሉ። ይህን ገደብ የሒሳብ ሊቃውንቱ ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌቪ እ.ኤ.አ. በ1928 አሳይተዋል። የካሬውን ጎን በግማሽ መቀነስም በነፃ አይገኝም። የካሬዎቹ ብዛት አራት እጥፍ፣ የእርምጃዎቹ ብዛት ሁለት እጥፍ ይሆንና ሥራው ስምንት እጥፍ ያድጋል።

እኔ ግን ከባዱ ነገር ኮዱ አይመስለኝም። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያስገቡት፣ ዝናቡ፣ ትነቱ፣ በአባይና እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት ወዳለው የበለስ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ በዋሻ የሚወጣው፣ ሁሉም መመዛዘን አለበት። የማይለካ ገባር ሲኖር ተመራማሪው በግምት ይሞላል። ግምቱ ከተሳሳተ፣ የሚያምረው ባለቀለም ካርታ ምንም አይረባም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የታየውን እምቦጭ የተባለ የውሃ አረም ነፋስ ወዴት እንደሚገፋው ለመተንበይም ያው ነው፤ መጀመሪያ በጀልባ ወጥቶ መለካት ያስፈልጋል።

ለመግባት የሚያስብ ሰው ሊኒየር አልጀብራንና ዲፈረንሻል እኩልታን ጠንቅቆ ይምጣ። ፓይተን ወይም ፎርትራን የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እየሠሩ ይለመዳል።