ሌሊት ለሽንት መነሳትና ቴስቶስትሮን፦ የቱ ነው የቱን የሚያመጣው?

«ሌሊት ሦስት አራቴ እነሳለሁ፤ ቴስቶስትሮኔ ወርዶ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ሰሞኑን በዛ። ቴስቶስትሮን ዋናው የወንድ ሆርሞን ነው።

ሁለቱ አብረው መታየታቸው እውነት ነው። ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። ቴስቶስትሮን በብዛት የሚመረተው እንቅልፍ ላይ ነው፤ እንቅልፉ ሲቆራረጥ የሚያድር ሰው ሆርሞኑ ሊወርድ ይችላል። ሁለቱንም በአንዴ የሚያመጣም አለ፦ ትንፋሽ እያቋረጠ የሚያስኮርፍ የእንቅልፍ ችግር። የሆርሞኑ ማነስ ብቻውን ሌሊት ያስነሳል ወይ የሚለው ላይ ግን ጥናቶች አልተስማሙም። ስለዚህ «የቴስቶስትሮን መርፌ ውጋኝና ልገላገል» ማለት ችኮላ ነው።

መጀመሪያ ሽንትዎን ይለኩ። ባዶ ሃይላንድ ላይ ምልክት አድርጎ፣ ለሁለት ሦስት ቀን ሰዓቱንና መጠኑን መጻፍ ይበቃል። አንድ የ68 ዓመት አባት በ24 ሰዓት 1,800 ሚሊ ሊትር ሸኑ እንበል። ከተኙ በኋላ የወጣው፣ ጠዋት እንደነቁ የሸኑትን ጨምሮ፣ 800 ሆነ። ከሲሶው በለጠ። በዚህ ዕድሜ ይህ ማለት ኩላሊታቸው ሌሊት ብዙ ሽንት እያመረተ ነው፤ የማታ ቢራ፣ ጨው፣ ያበጠ እግር፣ ልብ ይታያል። በየመነሳቱ ጠብ ጠብ ብቻ ከሆነ ግን ወደ ፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለው የወንዶች ዕጢ) እና ወደ ፊኛ ነው የሚኬደው። ቀንም ሌሊትም ብዙ ከሆነ ስኳር ይመርመሩ።

ቴስቶስትሮን መለካት ካስፈለገ፣ ደሙ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይወሰዳል። ዝቅ ካለ በሌላ ቀን ይደገማል። ሽንት ደም ከቀላቀለ ወይም ጭራሽ አልወጣ ካለ ግን ሃይላንዱን ትተው ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ።